ቀዩ ሰይፈኛና ቀኝ እጄ

ባጃጁ የተገለበጠው ከገበያ ስመለስ ነው። ሾፌሩ ከቆመ የጭነት መኪና ጀርባ ድንገት ብቅ ያለች ፍየል ላለመግጨት ሲጠመዝዝ ባጃጁ በጎኑ ተኛ። ፍየሏ መንገዷን ቀጠለች። ሾፌሩም ክርኑ ከመላጡ በቀር ደህና ነበር። እኔ ግን ስወድቅ በቀኝ እጄ ኖሯል የተመረኮዝሁት፤ ልነሳ ስል ከአንጓዬ በታች ያለው እጅ የእኔ አልሆን አለ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሚሴ መናኸሪያ ወረድ ብሎ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር የምንጋራት ሱቅ አለችን። እሷ ጀለቢያና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ እኔ የሴት ቀሚስና የሙሽራ ልብስ። በሙያዬ መኩራራት አልወድም፣ የማውቀውን ግን አውቃለሁ። ከጨፋ ሮቢት እናቶች ሙሽራ ይዘው እኔን ብለው ይመጣሉ። ጨርቁን ገና ከእጃቸው ስቀበል የት ጋ እንደሚሳብ፣ የት ጋ እንደሚላላ ጣቴ ይነግረኛል። እንግዲህ የተሰበረው እሱ እጅ ነው።

ጎረቤቶቻችን ወጌሻ ይሻላል አሉ፤ ባለቤቴ ሆስፒታል ይሻላል አለ። የባለቤቴን ሰማሁ። እጄ በጀሶ ታስሮ ከረመ። ጀሶው ሲፈታ ግን ከውስጥ የወጣው እጅ ቀጥኖ፣ ቆዳው ነጣ ብሎ፣ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ። ጣቶቼ ግማሽ መንገድ ድረስ ይታጠፉና ይቆማሉ። አውራ ጣቴማ ከነጭራሹ እንቢ አለ። ሱቅ ሄጄ መቀሱን አነሳሁት፤ ከእጄ ሾልኮ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ጓደኛዬ እንዳላየች ሆና የስፌት መኪናዋን መርገጥ ቀጠለች። አረፋ እየቀረበ ነበር፤ የእኔ ደንበኞች ጨርቅ በእሷ በኩል ተከምሯል።

ደሴ ሄድሁ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። እጄን ወዲያና ወዲህ አጣጥፋ አየችው፤ ከዚያ አንዲት የስፖንጅ ኳስ ሰጠችኝና በየቀኑ እንድጨብጣት፣ በተለይ አውራ ጣቴን እንዳሠራው ነገረችኝ። ካላሠራሁት እንደደረቀ ሊቀር እንደሚችልም አልደበቀችኝም።

ኳሷን ጨበጥኋት። ስጨብጣት ትጨበጣለች፣ ስለቃት ትመለሳለች፤ በቃ ይኸው ነው። ጨርቅ ቢሆን ይመልስልሃል፤ ስታጥፈው ይጨማደዳል፣ ስታስተካክለው ይተኛል። ኳሷ ምንም አትልም። ሥራዬን እወዳለሁ እንጂ ዝም ብሎ ድግግሞሽ አልችልም፤ ትንሽ እጨብጥና ሐሳቤ ሱቅ ይሄዳል፣ እጄም ይቆማል።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ያያል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ነው። ብዙ አይቶ ጥቂት የሚናገር ሰው። ከተጋባን ገና ዓመት አልሞላንም ነበር፤ ቤተሰቦቻችን ተነጋግረው ነው ያገናኙን፣ ብዙ ነገራችንን ገና አልተጨዋወትንም። ያን ሰሞን ተቋርጦ የከረመው ኢንተርኔት ተመልሶ ስለነበር ያመለጠውን ሁሉ ላፕቶፑ ላይ ያወርዳል። አንድ ቅዳሜ ከአስር ሰላት በኋላ ላፕቶፑን ፊቴ አስቀመጠና ከባልደረባው የተዋሰውን ጆይስቲክ ሰካበት።

«ይሄ ዴሞ ነው» አለኝ። «ሙሉው ጨዋታ አይደለም። ሰው ቀምሶ ከወደደው እንዲገዛ ከፊቱ ቆንጥረው የሚለቁት ነው። ጣትሽን ከኳሷ የበለጠ ያሠራው ይሆናል ብዬ ነው።»

ከዚያ ጆይስቲኩ እንዴት እንደሚያዝ ያስረዳኝ ጀመር። በዚህ ይኬዳል፣ በዚህ ይዘለላል፣ በዚህ ይመታል። አልጣደፍሁም፤ ተማሪው መስዬ እስኪጨርስ ሰማሁት። ሲጨርስ፣

«እኔ እኮ ጌም ቤት ውስጥ ነው ያደግሁት» አልሁት።

አውሮፕላን ነድቼ አውቃለሁ ያልሁት ይመስል አየኝ።

እውነቴን ነው። ባቲ ተወልጄ ባቲ ነው ያደግሁት። አባታችን ጨው ይነግድ ነበር፤ ከአፋር በረሃ የሚመጣው ጨው የሚራገፍበት መጋዘን ከቤታችን ጋር የተያያዘ ነው። ታላቅ ወንድሜ ትምህርቱን ሲጨርስ አባታችንን አስፈቅዶ የመጋዘኑን የፊት ክፍል ጌም ቤት አደረገው። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት አግዳሚ፣ በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ። የባቲ ሙቀት ከቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እዚያ ውስጥ ያለው ልጅ ሁሉ ላቡ ይንጠፈጠፋል፣ ማንም ግን አይወጣም። ወንድሜ የተሳደበን ያስወጣል፤ አዛን ሲሰማ ሁሉንም ያጠፋል። ሴት ልጅ አትመጣም ነበር። እኔ የምገባው ቤቴ ስለሆነ ነው።

ትምህርቴ የከሰዓት ፈረቃ ነበር። ጠዋት ጠዋት ወንዶቹ ትምህርት ቤት ናቸው፣ ጌም ቤቱ ባዶ ነው፣ ወንድሜም አንድ ሰው ቢጫወት መሣሪያው አይዝግም እያለ ይፈቅድልኛል። የወደድሁት አንድ የሰይፍ ጨዋታ ነበር። ሐይቅ ላይ የተሠራች የፈረሰች ከተማ አለች፤ አንገቱ ላይ ቀይ ሻሽ የጠመጠመ ሰይፈኛ ከድልድይ ድልድይ እየተዋጋ ያልፋል፣ መሀል ላይ ያለውን ግንብ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ሁለት ሰይፍ የያዘች ባለቀንድ ንግሥት ትጠብቀዋለች። ጽሑፉ ማናችንም በማናውቀው ፊደል ነው። የቻይና ነው አልን፤ ጃፓንኛ መሆኑን የሰማነው ዘግይተን ነው። ስለዚህ ስሙንም ታሪኩንም እኛው አወጣንለት። ሰይፈኛው «ቀዩ» ተባለ። ልጆቹ የወንድሙን ደም ሊመልስ ነው ይሉ ነበር፤ ወንድሜ ግን ግመሉ ጠፍቶበት ነው እንዲህ የሚንከራተተው እያለ ያስቃቸዋል።

ከባቲ ልጆች ባለቀንዷን መጀመሪያ የጣልኋት እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት የጠዋት ፈረቃ ቀርቶ ስለነበር ወንዶቹ ከኋላዬ ቆመው አይተዋል፤ ማንም ሊክደኝ አልቻለም።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ነገርሁትና ጆይስቲኩን አነሳሁ።

ዴሞው ያምራል። ዝናቡ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ይታያል፣ የጀግናው ካባ በነፋስ ይውለበለባል። ግን ገና ሁለት እርምጃ ሳልራመድ ቆም ያደርገኝና ይህን ተጫኚ ይላል፤ በር ስደርስ ደግሞ በሩ ይኸው ይላል። የመጀመሪያው ጠላት ሲመጣ ማምለጥ እንዳለብኝ አየሁ፤ ጭንቅላቴ አወቀው፣ አውራ ጣቴ ግን ዘገየ። ሞትሁ። እንደገና ሞትሁ። ዓይኔ ስክሪኑን ትቶ እጄን ማየት ጀመረ። ምን ያህል እንደደነዘዘ ከዚያ በፊት እንደዚያ አልተገለጠልኝም።

እንደምንም ትልቁ ደጃፍ ድረስ ደረስሁ። በሩ ሲከፈት ስክሪኑ ጠቆረና ሙሉውን ግዙ የሚል ጽሑፍ መጣ። ሳቅሁ። የባቲ ገበያ ማር ሻጮች እንደዚህ ናቸው፤ በጣትህ ጫፍ ያስነኩሃል፣ ምላስህ ሳይጠግብ ክዳኑን ይመልሱታል።

ሆኖም አንድ ነገር ቀስቅሶብኛል። የዴሞው ጀግና ለማምለጥ ሲፈልግ በትከሻው ተገልብጦ ይነሳል። ያ መገልበጥ ቁርጥ የቀዩ ነው። አመሻሹ ላይ ለወንድሜ ደወልሁለትና ያ መሣሪያ የት ደረሰ አልሁት።

ካርቶን ውስጥ፣ ቁም ሳጥን ላይ እንዳለ ነገረኝ። ጌም ቤቱን ከዘጋ ስንት ዘመኑ ነው፤ ሸጦታል ብዬ ነበር።

«ሊገዛ የመጣ ሰው ነበር» አለኝ። «የእህቴ ነው ብዬ መለስሁት።»

ሰኞ እንመጣለን አልሁት።

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ባለቤቴ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠየቀና እስከ ኮምቦልቻ በአንድ ሚኒባስ፣ ከኮምቦልቻ በሌላ ሄድን። መንገዱ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር የሚኒባሱ መስኮት ሁሉ ተከፈተ፤ የአገሬ ሙቀት ፊቴን ሲነካው እጄ እንኳ ቀለል ያለው መሰለኝ። ግመሎች አስፋልቱን ይዘው ስለነበር የመጨረሻውን መንገድ በእግር ገባን።

ወንድሜ አሁን ቅመምና ቡና ነጋዴ ነው። ወፍሯል፣ ጢሙም ሸብቷል። እንደ ልማዳችን በኦሮምኛ ጀመረ፤ «አካም ጂርታ? ሀርኪ ኬ ፈያዳ?» ብሎ ደህንነቴን፣ ቀጥሎም የእጄን ጤና ጠየቀኝ። እጄን ዘረጋሁለት። በሁለት እጁ ያዘው፣ ገልብጦ አየውና መለሰልኝ። ከዚያ ባለቤቴን እንግዳ አድርጎ ያጨዋውተው ጀመር። የዙህር ሰላት ከተሰገደ በኋላ ሱቁን ለሚስቱ ትቶ ወደ ቤት ወሰደን።

ካርቶኑን ሲያወርደው መሣሪያው በእናታችን የድሮ ሻሽ ተጠቅልሏል። ሦስቱን ገመዶች፣ ቀዩን፣ ነጩንና ቢጫውን፣ የሚቀበል ቀዳዳ አዲሱ ቴሌቪዥን ላይ እስኪገኝ ሁለቱ ወንዶች ላብ በላብ ሆኑ። ሲዲው ጭረት በጭረት ነው። ቢከቱት አያነብም፣ ቢጠርጉት አያነብም። ባለቤቴ ሌንሱ አርጅቷል ብሎ ያስረዳ ገባ። ወንድሜ እስኪጨርስ ጠብቆ መሣሪያውን አንስቶ ጀርባውን ወደ ላይ ገለበጠው። ያኔም ተገልብጦ ነበር የሚሠራልን። ትንሽ አንጎራጎረና የሐይቁ ውሃ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

ያን ድምፅ ስሰማ ወለሉ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥሁ። ሌላ ቦታ ልቀመጥ ማሰቤን እንኳ አላስታውስም።

የመጀመሪያው ድልድይ ላይ ግን ሞትሁ። ሁለተኛውም ላይ ሳልደርስ ወደቅሁ። ባለቤቴ ባሳየኝ አያያዝ፣ በሁለት አውራ ጣት ነበር የምጫወተው። ወንድሜ ከኋላዬ ሆኖ ሲያይ ቆየ።

«እንደዚያ ማን አስተማረሽ?» አለ። «እንደ ድሮሽ ያዢው።»

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ልጅ ሳለሁ እጄ ትንሽ ስለነበረ አውራ ጣቴ ለሁሉም ቁልፍ አይዳረስም። ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ አስደግፌ በሌባ ጣቴና በመሀል ጣቴ ከላይ እየጠቆምሁ ነበር የምጫወተው። ምስር የምለቅም እመስል ስለነበር ወንዶቹ ምስር ለቃሚዋ ይሉኝ ነበር። ወንድሜም እንደ ሰው ያዢ እያለ ይቆጣ ነበር፤ ባለቀንዷን ከጣልኋት ወዲህ ግን አፉን ዘጋ።

ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ አደረግሁት። ጣቶቼን ከላይ አሳረፍሁ። የቀዩ ሰይፍ ሲወነጨፍ አየሁት።

ከዚያ በኋላ እጄን ረሳሁት። ማለት የምችለው ይህንኑ ነው። የድልድዮቹን ተራ ጣቶቼ ያውቁታል። ከሁለተኛው ምሰሶ ጀርባ ማን እንደሚወጣ፣ የትኛው ድንጋይ ሲረገጥ እንደሚናድ፣ ሁሉም አለ። ያመኛል፤ አንጓዬ ውስጥ እሳት አለ። ግን ወደ ስክሪኑ እንጂ ወደ እጄ አላየሁም። ባለቤቴ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ወንድሜ «ከላይ! ከላይ ነው የሚመጣው» ሲለኝ እኔ አስቀድሜ አምልጫለሁ። ግንቡ በር ላይ ስንደርስ ዝቅ ብዬ አየሁ። ያ እንቢተኛ አውራ ጣቴ ማንም ሳያዘው ከጎን ጆይስቲኩን ደግፎ ይዟል።

ግንቡ ውስጥ እንደገባሁ መብራት ሄደ።

ወንድሜ ሳቁን ለቀቀው። መብራት ኃይል አንድም ቀን ባለቀንዷ ጋ በሰላም አስገብቶን አያውቅም አለ። የጨዋታው ማስቀመጫ ሜሞሪ ካርድ ከጠፋ ቆይቷል፤ መብራት ከሄደ ከመጀመሪያው ድልድይ ነው የሚጀመረው። መብራቱን ጠበቅን፣ አልመጣም። ስንነሳ ካርቶኑን እንደነበረ ጠቅልሎ ለባለቤቴ አሸከመው።

ከሚሴ ከተመለስን በኋላ በየቀኑ ከአስር ሰላት በኋላ እጫወት ነበር። ባለቤቴ ጠረጴዛው ላይ የተማሪ ፈተና ያርማል፣ እኔ ምንጣፉ ላይ ነኝ። መጀመሪያ በጣቶቼ ብቻ፤ ቆይቼ የመከላከያውን ቁልፍ ለአውራ ጣቴ ሰጠሁት። ሰነፍ ነበር። ስንት ጊዜ አስገደለኝ። ግን ስሞት የት ጋ እንደዘገየ አውቃለሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቀደም አደርገዋለሁ። ከኳሷ ያላገኘሁት መልስ ይህ ነበር። ሲደክመው አሳርፈዋለሁ፤ ለብ ባለ ውሃ ነክሬ አሸዋለሁ፤ በነጋታው እንደገና ነው።

ወደ ደሴ ስመለስ ባለሙያዋ እጄን አጣጥፋ አየች፣ ደግማ አየች። ኳሷን በደንብ ይዘሻታል ማለት ነው አለችኝ። ኳሷ መሳቢያ ውስጥ መሆኗን፣ እኔ በሰይፍ ስዋጋ መክረሜን ነገርኋት። እውነት ያልመሰላት ስለመሰለኝ አያያዜን ጭኔ ላይ አሳየኋት።

ሳቀች። ከዚያ ኮስተር ብላ የትኛውን ጣት ለየትኛው ቁልፍ እንደማደርግ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፤ አንዱን ቁልፍ ከሌባ ጣት ወደ አውራ ጣት እንዳዛውር፣ ሲያመኝም እንዳቆም መከረችኝ። ስወጣ፣

«እንግዲህ ንግሥቷን ስትጥያት ደውይልኝ» አለችኝ።

ጣልኋት። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነበር። ባለቤቴ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ከኋላዬ ቆሟል። ባለቀንዷ ሁለቱን ሰይፎች አንድ ላይ ስታነሳ ልጅ ሳለሁ የማደርገውን አደረግሁ፤ አልሸሸሁም፣ ወደ እሷ ገባሁ። ከመውደቋ በፊት አንዴ ተንገዳገደች፣ ቀንዷ ድንጋዩን መታና ወደቀች። ባለቤቴ ሱብሃነላህ አለ። ከዚያ ስክሪኑ በዚያ በማናውቀው ፊደል ተሞላ። ባለቤቴ ስልኩን አወጣና በካሜራው ቢያሳየው ወደ እንግሊዝኛ እንደሚመልሰው፣ የቀዩን እውነተኛ ታሪክ ማወቅ እንደምንችል ነገረኝ። አሰብሁበት። አይሆንም አልሁት። ለወንድሜ ስደውል የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግመሉ ተገኘ ወይ አለኝ። ተገኘ አልሁት።

በማግስቱ ሱቅ ገባሁ። ጓደኛዬ ከከመረችው ውስጥ የላይኛውን አነሳሁ፤ የጨፋ ሮቢት ሙሽራ ነጭ ሳቲን ነበር። ሳቲን ይቅርታ አያውቅም፤ መቀስ አንዴ ከሳተ አለቀ። ጓደኛዬ መኪናዋን አቆመች። በሌላ ጀምሪ፣ ይህ ውድ ነው አለችኝ። እጄ ዝግጁ መሆኑን አውቅ ስለነበር በሌላ አልጀመርሁም። በጠመኔው አሰመርሁ፣ መቀሱን ከፈትሁ፣ አውራ ጣቴ ቀለበቱ ውስጥ ገባ። ሳቲኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲከፈል ያ የማውቀው ለስላሳ ድምፅ ተሰማ። ጓደኛዬ አልሃምዱሊላህ ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

አረፋ መጥቶ አለፈ፤ ደንበኞቼን ሁሉ አልብሼ ሸኘሁ። እጄ በብርድ ጠዋት ትንሽ ይጎትተኛል፣ ከዚያ ይለቀኛል። የአዲሱን ጨዋታ ሙሉውን ባለቤቴ ላምጣልሽ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አንድ ቀን እሞክረው ይሆናል፤ ያን ደጃፍ ከፍቼ ውስጡን ማየት እፈልጋለሁ። አሁን ግን የጆይስቲኩ ተራ የእሱ ነው። ልማርበት ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔም እሺ አልሁ። ኮምፒውተር ፈትቶ የሚገጥም ሰው የመጀመሪያው ድልድይ ላይ የሚናደውን ድንጋይ ማለፍ አቅቶታል። ይቸኩላል። ምሰሶው ጋ ቆም በል፣ ጠላት መጀመሪያ እሱ ይምጣ እለዋለሁ። እሺ ይለኛል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ልክ እንደ ተማሪ።

ትናንትም አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ቀዩ ምሰሶው ጋ ደረሰ። ጠብቅ አልሁት። አልጠበቀም፤ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ጆይስቲኩን ሊሰጠኝ ዘረጋ፣ እኔ ወደ እጁ መልሼ ጣቶቹን አስተካከልሁለትና እንደገና አስጀመርሁት።